ማረፊያው የተቀደደው መጽሐፍ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ፣ ስለ በረራ የተጻፈ ጥሩ መጽሐፍ ጠቁመኝ አለኝ። እኔን! አውሮፕላን ላይ የወጣሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ዓይኔን ጨፍኜ። በንባቡ ግን አልታማም።

የአንድ አውሮፕላን ጠጋኝ ማስታወሻ አለ፤ ስለ ብሎን እያወራ ሆድ ያባባል። በፊኛ ስለሚበሩ ሰዎች የተጻፈም አለ፤ ለሳቅ ይሆናችኋል። ከሁሉም የምወደው ግን አንድ አሮጌ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ነው። መጨረሻው የለውም። ስለ ማረፍ የሚያስተምረው ምዕራፍ ተቀዷል። አውሰን ብትሉኝ አላውስም።

ያገኘሁት በደርግ ጊዜ፣ ፒያሳ መጽሐፍ ጠራዥ ሳለሁ ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። ምሳ የምበላበት ቀን ነበር፤ የማልበላበትም ነበር። እሱን እንተወው። ያን መጽሐፍ ስገልጥ ግን ጣሪያውንም ምሳውንም እረሳ ነበር።

ችግሩ፣ ያኔ ወጣት እጅ ላይ የአብራሪ መጽሐፍ ከተገኘ ሊኮበልል ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ማን ያስረዳል? ስለዚህ በቀይ ጨርቅ ጠረዝኩትና ጀርባው ላይ «የፖለቲካ ኢኮኖሚ» ብዬ አተምኩበት። የቀበሌያችን ንባብ ቤት መጻሕፍትም እኛው ጋ፣ በዚያው ጨርቅ ነበር የሚጠረዙት። ለመደበቂያ ከእነሱ ክምር የተሻለ ቦታ አልታየኝም። እዚያው መሃል አኖርኩት። አንድ ቀን ክምሩን መለስኩ። የኔም አብሮ ሄደ።

የነቃሁት በማግስቱ ነው። ሮጥኩ። የንባብ ቤቱ ኃላፊ፣ ጓድ ታዬ፣ ራሳቸው ወስደውታል ተባልኩ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር የጫማዬን ማሰሪያ አጠብቅ ነበር።

በሳምንቱ ጓድ ታዬ ሱቃችን መጡ። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«አንተ ነህ የጠረዝከው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

ዘወር ብለው በሩን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መነሳቱስ ገብቶኛል። ማረፉ የታለ?»

«ሳገኘውም ተቀዶ ነበር፣ ጓድ።»

«ኤጭ! እንዲህ ሰው አንጠልጥለህ ትተዋለህ?» ብለውኝ ወጡ። መጽሐፉን ትተውልኝ።

ከዓመት በኋላ ለሦስት ወር ትምህርት ውጭ አገር ተላኩ። ቀበሌው በጭብጨባ ሸኛቸው። እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ሰዉ ከዱ ብሎ ይወቅሳቸዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። የማረፊያውን ምዕራፍ መቼ አነበቡትና?