ጋሽ ይከፈታል እና አርባ ስምንቱ በሮች

ያወቀውን ነገር በሆዱ ይዞ አንድ ቀን ማደር የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሐኪም ቢሆን በሽታችሁን ለጎረቤት ይነግራል፤ መምህር ቢሆን ፈተናውን ያወጣል። የኛ ሕንፃ ግን የባሰ ገጠመው፤ የኛው ቁልፍ ሠሪ ነው።

ክቡርነታቸው ጋሽ ይከፈታል ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የትኛውንም ቁልፍ ብታሳዩአቸው አንገታቸውን ዘመም አድርገው "ይከፈታል" ስለሚሉ ነው። ሱቃቸው ከደረጃው ሥር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትከሻውን ውጭ ይተዋል። አዲስ ጓጉንቸር በፌስታል አንጠልጥሎ በዚያ ለሚያልፍ ወዮለት! "እስቲ አምጣት" ይላሉ። ከለስላሳ ቆርቆሮ የቆረጧትን ቁራጭ ሰካ፣ ጠምዘዝ፣ ቀጭ። ገዢው አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ጓጉንቸሩም እንደዚያው።

"ይህን ለሁሉ ሰው ያሳያሉ እንዴ?" ስትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው። "ሌባውማ ያውቀዋል። የማያውቀው ባለቤቱ ነው።"

አንድ እሁድ ቤቴ ተጋብዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ የመታጠቢያ ቤቱን በር አይተው "ይቺማ በሳንቲም ትከፈታለች" አሉ፤ ከፈቷትም። አማቴ ውስጥ ነበሩ። ይኸው ዓመት ሊሆን ነው፣ አማቴ በሱቋ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

እኔም ከሳቸው ጋር ከተዋወቅኩ ወዲህ ሰላም የለኝም። ቆልፌ እወጣለሁ፣ ከሁለተኛው ፎቅ እመለሳለሁ፣ እጀታውን እነቀንቃለሁ፣ እወርዳለሁ። ፌርማታው ጋ ስደርስ ልቤ ተመልሶ ደረጃውን ይወጣል። አለቃዬ ያረፈድኩበትን ምክንያት መጠየቅ ትቷል።

ታዲያ በቅርቡ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጋሽ ይከፈታል ብድግ አሉ። "የአርባ ስምንታችሁም የቤት ቁልፍ አንድ ዓይነት ነው። ይከፈታል። ላሳያችሁ?" ብለው ካቻቢቴያቸውን አወጡ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴትዮ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ጠረጴዛውን መቱ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም! እንዲህ ያለው እውቀት ተቆልፎ ነው መቀመጥ ያለበት።"

"በየትኛው ቁልፍ?" አሉ ጋሽ ይከፈታል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እትዬ።"

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። "ሌባ ሁሉ ሊቅ አይደለም። ሰነፍ ሌባም አለ። እርስዎ የሚያስተምሩት እሱን ነው።"

ጋሽ ይከፈታል ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ከኋላቸው፣ በወሩ መጨረሻ ሱቋን ይልቀቁ የሚል ወረቀት ዞረ። ፈረምኩ። አማቴ አጠገቤ ነበሩ፤ ደግሞም ትንሽ ሰላም ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱቋ ጸጥ አለች። ሰው ጓጉንቸር ይዞ ቢያልፍ እንኳ ቀና አይሉም። አኮረፉ አልን።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዴ ከፌርማታው ተመልሼ ደረጃውን ስወጣ፣ ጋሽ ይከፈታል ቤቴ ደጃፍ ላይ ተንበርክከዋል። የቁልፌ ሆድ ዕቃ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

"ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?"

"ቀስ በል፣ ሞላዋን ትረግጣታለህ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ይቺን ብረት ካስገባሁባት በኋላ እንደዚያ አትከፈትም። አርባ ሰባተኛዋ ናት።"

ለካ ሰው ሥራ ሲሄድ እየጠበቁ፣ እግራቸውን ቤት ሳያስገቡ፣ በር በበር ሲያድሱ ከርመዋል።

"ታዲያ ለምን አይነግሩንም ነበር?"

"ሳልጨርስ ባወራ ሰነፉ ሌባ ይቀድመኛል። ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው።" ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "ስጨርስ ለሁሉም አሳያለሁ። ብቻ ቶሎ ልጨርስ፣ አፌን ይዤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!"

ልቆጣ ነበር፤ ሳያስፈቅዱኝ ነው የቤቴን ቁልፍ የፈቱት። ግን ሳቄ መጣ። ከሳቄ በኋላ ደግሞ ያ ፊርማዬ ትዝ አለኝና አፈርኩ። እኚህን ሰውዬ እወዳቸው ኖሯል።

"የማን ቀረ?"

"የሰብሳቢዋ። ቀኑን ሙሉ ከቤት አይወጡም። የሳቸው ሳይጠገን ትቼ አልሄድም፤ ሰኞ ደግሞ ሱቋን እለቃለሁ።"

ያን ቀን ሥራ ቀረሁ። አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። "እትዬ፣ ፊርማዬን ልሰርዝ ነው የመጣሁት።"

ዓይናቸው ፈጠጠ። "ምን ሲደረግ! ምን አስነክቶህ ነው ያ ሰውዬ?"

"ታች ወርደን ብንነጋገር ይሻላል። ወረቀቱንም ይያዙት።"

"መነጋገርማ እንነጋገራለን!" ብለው ቀደሙኝ።

ግቢው ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ ቁጭ ብድግ እያሉ አፋጠጡኝ። ስለ ሥርዓት ተናገሩ፣ ስለ ልቅ አፍ ተናገሩ፤ እውነት ለመናገር ግማሹ ልክ ነበር። ስሜን ግን ሰረዝኩ፣ እያዩኝ ሁለቴ አሰመርኩበት። ይህን ጊዜ ከአምስተኛው ፎቅ ኳ፣ ኳ የሚል የመዶሻ ድምፅ መጣ። ሰብሳቢዋ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ምንድነው እሱ?"

"እና እትዬ፣ ሌባስ ሁሉ ሰነፍ ነው እንዴ?" አልኩ፣ ድምፄን የቻልኩትን ያህል ከፍ አድርጌ።