ብርቱካን የማይመጣለት በሽታ

በሽታም እንደ ሰው ነው፤ ዘመድ ያለው አለ፣ ዘመድ የሌለው አለ። እግሩ የተሰበረ ሰው ዘመዱ ብዙ ነው። ታይፎይድ የያዘው፣ የሐሞት ጠጠር ያስወጣው፣ ወለም ያለው እንኳ ትንሽ ጋደም ካለ፣ የሰፈሩ ሰው ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ "እግዜር ይማርሽ"፣ "አላህ ያሽርሽ" ይላል፣ የበሽተኛዋን ትቶ የራሱን ወገብ ሲያወራ ይቆይና ይሄዳል። ወጉ ነው። ግን ምኑም ያልተሰበረ፣ ምኑንም ያላተኮሰው፣ ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ሰውስ? እስቲ እውነቱን ተናገሩ፤ ለደበረው ሰው ብርቱካን ይዛችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?

አትሄዱም። እኔም አልሄድም ነበር።

እማዬ ሸማ ተራ ላሉ ነጋዴዎች የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች። ትቋጭ ነበር ልበል መሰለኝ። ከጥምቀት በፊት ሥራው ሲበዛ፣ ጣቶቿ ከወሬዋ እኩል ነበር የሚሮጡት። ጥምቀት ሲያልፍ ግን መጀመሪያ መቋጨቱን ተወችው፣ ቀጥሎ ምግቡን፣ ቀጥሎ ወሬውን። ማንም አልሞተብንም። አባቴ የሞተው እኔ ገና ስታዘል ነው፣ እሱን አልቅሳ ጨርሳለች። ሰው ቢሞትብንማ ለቀስተኛ ይመጣ ነበር (አስተግፊሩላህ፣ መመኘቴ አይደለም)። ጎረቤት በራፋችን ላይ ቆሞ "አሚናት፣ ምን ሆነሽ ነው?" ይላታል። "እኔ እንጃ" ትላለች። በ"እኔ እንጃ" ደግሞ ብርቱካን አይመጣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ እኮ አልደበቀችም፣ ስሙን ስለማታውቀው ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ጆሮዬን ለጥፌ ትንፋሽዋን አዳምጣለሁ። በዚህ ላይ አጎቴ ሰይድ ከደሴ ደወለ። "ዓርብ መጥቼ እወስዳታለሁ። አገሯ ገብታ ትረፍ። አንቺም መጥተሽ ታስታምሚያታለሽ።" ትምህርትሽስ አላለም። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የምንቀጠቀጥ ልጅ፣ ዘንድሮ አሥረኛ ገብቼ ገና እጄን ማውጣት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ትክክል መልሼ ባዮሎጂ ቲቸር "ጎበዝ ዘሃራ" ካለኝ ወዲህ፣ እጄ ብቻዋን ነው የምትነሳው። እጄን ደሴ ወስጄ ለማን ነው የማወጣው?

ያን ሰሞን መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የሚያስተምረን ፕላዝማ ዝም ይላል፣ ፕላዝማው ዝም ሲል ደግሞ ቲቸር አፍ ያወጣል። ስለ ምግብ ማውራት ጀመረ። ሰውነትም እንደ ብረት ይዝጋል አለን፤ ምናለሽ ተራ የተከመረውን ቆርቆሮ አስቡት። ቀይ ስር፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ብርቱካን ውስጥ አንቲኦክሲደንት የሚባል አለ፣ ለሰውነት እንደ አንቲረስት ቀለም ነው። እነዚህንና የባሕር ምግብ የሚበሉ ሰዎች ላይ ድብርት ያነሰ ነው ይባላል፣ አለ።

"ቲቸር፣ ባሕሩን ሰጥተው ሲያበቁ ዓሣ ብሉ ይሉናል እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እጄ ተነሳች። "ቲቸር፣ የደበረውን ሰው ዓሣ ብናበላው ይድናል?"

"ማን ደብሮሽ ነው?" አለ ያው ልጅ።

ቲቸር ግን አልሳቀም። "ይድናል አላልኩም፣ ያነሰ ነው ይባላል ነው ያልኩት። ዓሣው ይሁን ሌላ ነገር ገና በደንብ አልተለየም። ዓሣ የሚበላ ሰው ሌላም ነገር ይኖረዋል፤ አብሮት የሚበላ ሰው፣ ለምሳሌ።" እኔ ግን "ያነሰ ነው" ላይ ደብተሬን ዘግቻለሁ። ጎበዝ ተማሪ ችግሩ ይሄ ነው፣ መልሱን ያገኘ ሲመስለው አይሰማም።

ረቡዕ የታክሲዬን ሳንቲም አጠራቅሜ አንድ ሙሉ የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። እኛ ቤት ዓሣ ተበልቶ አያውቅም። ቅርፊቱን ስፍቅ ፊቴ ላይ ይለጠፋል፣ ዓይኑ ያፈጥብኛል፣ ሽታው ጊቢውን ሞላው። እትዬ ብርቄ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው መጡ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት ናቸው፤ እኔ ስወለድ እማዬን ሐኪም ቤት ያደረሱ እሳቸው ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ጊቢውን ባሕር አደረግሽው እኮ!"

"ለእማዬ ነው። አብረዋት ይብሉላት፣ እትዬ ብርቄ። ዓሣ እኮ የእስላም የክርስቲያን የለውም፣ አይታረድም።" ይሄንንም አስቤበት ነበር። አሥራ ምናምን ዓመት አንድ ጊቢ ስንኖር ከአንድ ትሪ ሥጋ በልተን አናውቅም።

"ሁዳዴ ነው፣ የኔ ልጅ። የንስሐ አባቴ ዓሣም ቢሆን አይሆንም ብለውኛል" አሉ። አዝነው ቆሙ። ከዚያ "አልቀምሰውም እንጂ እሾኹን ልልቀምላት" ብለው ሄዱና የጾም ቀይ ስራቸውን በሳህን ይዘው ተመለሱ። ትሪው ላይ ዓሣና ቀይ ስር ጎን ለጎን ተቀመጡ። የቲቸርን ሰሌዳ ቀጥ አድርጎ የገለበጠ ትሪ!

እማዬን ደግፈን አስቀመጥናት። እትዬ ብርቄ ዓሣውን በጣታቸው እየዳሰሱ እሾህ ይለቅማሉ፣ ያጎርሷታል። ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል፣ ያንን እኔ ጎበዟ ረስቼዋለሁ።

እማዬ ጎረሰች። ደገመች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ጉሮሮዋን ያዘች።

የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ገደልኳት አልኩ። እትዬ ብርቄ "ኡ ኡ!" ሲሉ ጊቢው ተንዶ ገባ። አንዱ ጀርባዋን ይደልቃል፣ አንዷ ደረቅ እንጀራ ጠቅልላ "ሳታላምጪ ዋጪው!" ትላለች፣ ሌላዋ ሙዝ ታጎርሳለች። መተንፈሱስ ትተነፍሳለች፣ እሾኹ ግን አልወርድም አለ። ለወራት እቤታችንን ያልረገጠ ሰው ሁሉ አልጋችን ላይ ተቀምጦ፣ እሾህ የተሰካባትን የአክስቱን ታሪክ ያወራል። ሐሙስ ጠዋት ብርቱካኑ መምጣት ጀመረ።

በጣም ጠዋት ግን፣ ማንም ሳይመጣ፣ እማዬ አስሏት ነበር። እሾኹ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ወደቀ። ቀጭን፣ ነጭ፣ የማይረባ ነገር። እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት። ደስ ብሎኝ ለእትዬ ብርቄ ልናገር ስወጣ፣ እሳቸው ብርቱካን ይዘው በሩ ላይ ደረሱ።

"አሚናትዬ፣ ወጣልሽ?"

አፌን ከፈትኩ። እማዬ ቀደመችኝ።

"አልወጣም" አለች። "ይወጋኛል።"

ከጥምቀት ወዲህ ሰው ቀድማ ስትናገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ብርቄ ተቀምጠው አለቀሱ። እማዬም አብራቸው አለቀሰች፣ ለእሾኹ ነዋ!

ዓርብ አጎቴ ባዶ እጁን ገባ። "ተነሺ፣ እቃሽን ያዢ" ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወጉ ነውና መጀመሪያ "ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"እሾህ" አለች እማዬ።

አጎቴ ተቀመጠ። ደንግጦ ጉሮሮዋን አየ። "ጉሮሮው ላይ እሾህ ያለበትን ሰው እንዴት አውቶቡስ ላይ አሳፍራለሁ? ደሴ ይዣት ገብቼ ብትብስስ? ሰኞ ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ ሲወጣላት እመጣለሁ" አለኝ። ከዚያ ወጥቶ፣ ሲኒማ ራስ ጋ ወርዶ፣ ብርቱካን ገዝቶ ተመለሰ።

እሱ ሲሄድ እማዬ ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳነች ብዬ እንዳልዋሻችሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ብርቱካን ላጥኩላት።

"እማ፣ እሾኹ እኮ ወጥቷል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልወጣም ትያለሽ?"

እጇን ጉሮሮዋ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጋ፣ ደረቷ ላይ አሳረፈችው።

"ስላልወጣ ነዋ" አለች።

ሰኞ እንሄዳለን። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አብርቶ አይቶ ምንም የለም ይላል። ቀጥሎ "ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?" ብሎ ይጠይቃታል። የምፈራው እሱን ነው፣ የምጠብቀውም እሱኑ ነው። እስከዛው ግን በዚህ የምታልፉ ካላችሁ ብቅ በሉ። ብርቱካን አትርሱ። ምን ሆና ነው ያላችሁ ሰው ካለ፣ እሾህ ነው በሉት።