ጠመንጃ አዋቂው ለቅሶ ቤት ሲመጣ

በእኛ በደብረ ኤልያስ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚደርሰው ማን ይመስላችኋል? ጠመንጃ አዋቂ ነው! ባሌን ከቀበርኩ ሳምንት ሳይሞላ አንዱ መጣ። «እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ» ሲለኝ እንኳ ዓይኑ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ምንሽር አልተነቀለም። ዋጋውን እንዲገምትለት ያስጠራው የባሌ ወንድም ነው፤ ጠመንጃውን ሸጦ ለተዝካሩ በሬ ሊገዛ አስቧል። እኔ ግን እንዲሸጥብኝ አልፈልግም፤ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

አዋቂው አፈሙዙን አሸተተ፣ ሰደፉን በጥፍሩ ቆረቆረ፣ ቁጥሩን በምራቁ ወልውሎ እንደ ዳዊት ደገመው። ባሌን ሐኪም እንኳ እንዲህ አልመረመረውም።

«የጣሊያን ጦር ጥሎት የሸሸው ነው፤ ግሩም ነበር» አለ። «አፈሙዙን ማን ቆረጠው? ሰደፉንስ በዋንዛ ማን ለወጠው?»

«ባሌ ነዋ! እሱ ሲርቅ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቢከብደኝ በእኔ ልክ አሳጠረው።»

«አበላሽቶታላ! አሁንማ በሬ ይቅርና ፍየልም አያወጣ።»

የባሌ ወንድም አኩርፎ፣ «እንግዲያው ላንቺው ይቅርልሽ» አለኝ።

ሐሳቡን ሳይለውጥ ጠመንጃውን ከአዋቂው እጅ ተቀበልኩት። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ባስደግፈው ልክክ አለ።