የአቶ አድማሴ ሠላሳ ሁለት ጥርሶች

«ጤነኛ ሰው ሐኪም ደጅ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ ዋናውን የያዘችው ግን ቡሬያችን ናት። ክቡር አቶ አድማሴ፣ የጤና ሊቀ ሊቃውንት፣ የወይራ መፋቂያቸውን ጠዋት አፋቸው ውስጥ ከሰኩ የሚያወጡት ለምሳ ብቻ ነው። «ሠላሳ ሁለቱም ጥርሴ እናቴ የሰጠችኝ ናቸው» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እኚህ ሊቅ ሻያቸውን በአምስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ። ካስነጠሳቸው ከኮት ኪሳቸው ካፕሱል አውጥተው ይውጣሉ፤ ለማን ታዝዞ እንደተረፈ እሳቸውም አያውቁም። የጎረቤታችን የይሄይስ በሬ ሣር እምቢ ሲል እንኳ «አፉ ቆሽሾ ነው» ብለው ሊፍቁት ታገሉ። በሬው ዛሬም ሲያያቸው ይሸሻል።

መጋቢት ላይ ተመራማሪዎች መጡ። በጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ እርሾ መሰል ፈንገስ ምን እንደሚያበዛው ሊያጠኑ፣ አፋችንን በጥጥ ጠርገው ናሙና ሊወስዱ፣ ቀበሌው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ተሰለፍን። ከኋላዬ አቶ አድማሴ «ከእኔ አፍ ምንም አታገኙም፤ ጥጣችሁን አታባክኑ!» ይላሉ።

እኔ ጨንቆኛል። የላይኛው ጥርሴ የተገዛ ነው። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንዳልጋለጥ ብዬ ስተኛም አላወልቀውም።

ተራዬ ደረሰ። የምትመዘግበው ነርስ ሀኒ ድምጿ ገበያ ይጠራል። «አባባ፣ ጣፋጭ ያዘወትራሉ? አፍዎ ይደርቃል? ሰሞኑን ካፕሱል ወስደዋል? የሚወልቅ ጥርስ አለዎት?»

አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። ሁለት ጎረምሶች ጥርሴን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምነው ሰውየውን አፋጠጥሽው፣ ልጄዋ!» አሉ አቶ አድማሴ። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው የላዩንም የታቹንም አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። «ይኸው! አንድም የእናቴ የለበት። መጀመሪያ የእኔን ጻፊ!»

ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሲፍቁ የኖሩት የተገዛ ጥርስ ነው! ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሀል ለሀኒ ቀስ ብዬ «አለኝ» አልኳት። ከእሷ በቀር ማንም አልሰማኝም። እሷም በተራዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲተኙ አውልቀው ይጠቡት» አለችኝ።

ስንመለስ አቶ አድማሴን «እንዴት አወቁብኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቆሎ ሲዞር ሁልጊዜ ጠግቤያለሁ ትላለህ። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

ያን ቀን ወደድኳቸው፤ ብናገረውም አላፍርም። ስኳሩን ግን አልቀነሱም፤ አሁን ደግሞ ማታ ማታ በአጥር በኩል «አወለቅህ?» እያሉ ይጮኹብኛል።

«አወለቅሁ!» እላለሁ። ጎረቤቱ ጫማዬን ይመስለዋል።