ሁለት ቅያስ ብቻ

«አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው በየከተማው አይጠፋም። አንድ ቦታ ትጠይቁታላችሁ፤ ቦታውን ይወቀው አይወቀው፣ ያለ መልስ መሸኘትን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። የወደብ ከተማ ደግሞ ያለዚህ ሰው ጭራሽ አይሆንላትም። እንግዳው በመርከብም በአውቶቡስም ይጎርፍባታል፤ የጎረፈውን እንግዳ አንድ ሰው ተቀብሎ ከከተማዋ ጋር ማስተዋወቅ አለበት። የእኛይቱ ቬራክሩዝ ይህን ከባድ ኃላፊነት የጣለችው፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ በክቡር ዶን ኤላዲዮ ሳሙዲዮ ላይ ነው።

ዶን ኤላዲዮ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ነጭ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ የሰሌን ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ባሕሩ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ይሰየማሉ። እንግዳ አፉን ገና ከመክፈቱ ቀኝ እጃቸው ይነሣል፤ ሁለቱ ጣቶቻቸው ዛሬም መቀስ የያዙ ይመስላሉ። «እዚሁ ነው! ሁለት ቅያስ ብቻ!» ካቴድራሉ ሁለት ቅያስ ነው። ሆስፒታሉ ሁለት ቅያስ ነው። በመኪና ሁለት ሰዓት የምትርቀው ሐላፓ እንኳ አንድ ቀን ሁለት ቅያስ ሆና ተገኝታለች።

አንድ ጊዜ ጀርመናዊ ባልና ሚስት የቁም ዓሦች የሚታዩበትን ቤት ጠየቋቸው። እሳቸው ወደ ጠቆሙት ሲሄዱ ምግብ ቤት ደረሱ። ዓሦቹን አይተዋል፤ የተጠበሱ ነበሩ። በማግስቱ ሊያመሰግኑ መጥተው ደግሞ ካቴድራሉን ጠየቁ። ተላኩ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አላገኙትም፣ ክርስትናውን ግን አገኙት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሴት ልጁን ሊያስጠምቅ ግቢው ውስጥ ደግሷል፤ ቀድሞ የታሰበው የክርስትና አባት ስለ ቀረ፣ የጀርመኑ ሰውዬ ሳያስበው በቦታው ተተካ። እስከ ዛሬ በልጅቷ ልደት ስጦታ ይልካል።

ሌላ ቀን አንድ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ፣ «ካርታው እኮ በዚያ በኩል ነው የሚለው» ብሎ ሊሞግታቸው ሞከረ። ዶን ኤላዲዮ መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የት ነው የተወለደው?»

«ስልኩ?»

«አዎ፣ ስልኩ።»

«ቻይና መሰለኝ።»

«ታዲያ!» አሉና ስልኩን መለሱለት።

እኔ በከተማችን ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነገር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ከአግዳሚው ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ተቀምጬ ስለማያቸው፣ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ዶን ኤላዲዮ፣ የማያውቁትን አላውቅም ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?»

«አንተ፣ ሰው ደጅህ መጥቶ ውሃ ቢለምንህ 'የለም' ብለህ ትመልሰዋለህ?»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ ሎሚ ትጨምቅለታለህ!»

መከራከር አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሎሚ የተጨመቀልኝ ሰው ነኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ቀን ጉዳይ ከደጋው ከፑዌብላ ወርጄ፣ ሙቀቱ አንገሽግሾኝ፣ ቶሎ ልመለስ ብዬ አውቶቡስ ጣቢያውን ጠየቅኋቸው። «እዚሁ ነው! ሁለት ቅያስ ብቻ!» ሄድኩ። ያገኘሁት ልብስ ስፌት ቤት ነበር። አንዲት ሴት እስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል፣ «ዶን ኤላዲዮ ልከውህ ነው?» አለችኝ።

«አውቶቡስ ጣቢያ ፈልጌ ነበር።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። በል ተቀመጥ» አለችና ወንበር ሳበችልኝ። ኦቲሊያ ትባላለች። ሁለት ሴት ልጆች አሉን።

ስለዚህ ባለፈው ኅዳር ላይ የሆነውን ስጽፍ እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። የሰሜኑ ነፋስ የባሕሩን አሸዋ እያነሣ ፊት ላይ ይበትን ነበር። አንዲት ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ ደቃቃ እናት ዘንቢል አንጠልጥለው ወደ አግዳሚው መጡ። ዶኛ ኤውላሊያ ይባላሉ፤ ባሕር ከማይታይበት ከዛካቴካስ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው መምጣታቸው ነው።

«ጌታዬ፣ የጭነት መርከቧ የምትነሣው ከየት በኩል ነው? ልጄ መርከበኛ ሆኖ ዛሬ ይሄዳል። የመጀመሪያ ጉዞው ነው።»

የዶን ኤላዲዮ እጅ ተነሣ። እኔ ትኩስ ወተት እንዲጨመርልኝ ብርጭቆዬን በማንኪያ እያንኳኳሁ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ብነሣና አብሬያቸው ብጠይቅ ምን ነበረበት? ይልቅስ ለጋዜጣዬ ትሆነኛለች ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«እዚሁ ነው! ሁለት ቅያስ ብቻ!» አሉ ዶን ኤላዲዮ። ሴትዮዋ መርቀዋቸው ሄዱ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ዘንቢሉ እንደ ሞላ ነው። የተላኩበት ቦታ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች እንጂ መርከብ አልነበረም፤ ዓሣ አጥማጆቹም የእኛው ከተማ ሰዎች ናቸውና እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ሁለት ሁለት ቅያስ ጨመሩላቸው። እውነተኛውን በር ሲያገኙ መርከቧ ከወደቡ አፍ ላይ ደርሳለች።

«ጀርባዋን አየሁት» አሉ። «ስምንት ወር ነው የሚቆየው። አይብ ይወዳል ብዬ ነበር ይዤ የመጣሁት።»

ቢሳደቡ ይሻል ነበር። እሳቸው ግን የዶን ኤላዲዮን ፊት አይተው ያጽናኗቸው ጀመር። «እርስዎ ምን ያድርጉ ጌታዬ፣ ደክመውልኛል። አሁን አገሬ ልግባ። አውቶቡስ ጣቢያው የት ነው?»

የዶን ኤላዲዮ ቀኝ እጅ ተነሣ፤ አጋማሽ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«አላውቅም» አሉ ዶን ኤላዲዮ።

ሰውዬው እኮ የተወለዱት ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ነው!

«አላውቅም እመቤቴ። ይምጡ፣ አብረን እንጠይቅ።» ዘንቢሉን ተቀብለው ተነሡ። ተወልደው ባደጉበት ከተማ፣ በየመታጠፊያው ባርኔጣቸውን እያነሡ፣ ትናንት እንደ ገባ እንግዳ መንገድ ሲጠይቁ አየኋቸው። ደብተሬን ዘጋሁት። አፍሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «አላውቅም» ነው። እንግዶቹም ሌላ ሰው እየጠየቁ የፈለጉት ቦታ በቀጥታ ደረሱ፣ ሊያዩ ያሰቡትን ብቻ አዩ፣ በሰዓታቸው ተሳፍረው ሄዱ። ከተማችን እንደዚያ ስትደብር አይቼ አላውቅም። የዶን ኤላዲዮ ነገርስ? ሸሚዛቸው ሳይተኮስ መጡ፤ ከዚያ ደግሞ አንዳንድ ቀን መምጣቱን ተዉት። ሰውዬው ከእጃችን ሊያመልጡን ነው ብዬ ፈራሁ።

ኦቲሊያም አስተውላለች። «ወር ሙሉ አንድም ሰው ተሳስቶ ሱቄ አልገባም» አለችኝ። «ሂድና አነጋግራቸው እንጂ።»

«ምን ብዬ?»

«ያኔስ ምን ብለህ ነበር?»

እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ባርኔጣዬን አወለቅሁና ከአግዳሚው ፊት ቆምኩ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አውቶቡስ ጣቢያው የት ነው?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ያው «አላውቅም» ሊመጣ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ።

«ቸኩለሃል?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ኧረ አልቸኮልኩም።»

የሰሌን ባርኔጣቸውን አውርደው ከውስጡ የታጠፈች ወረቀት አወጡ። «መርከቧ ሐምሌ ላይ ትመለሳለች። ወደቡ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ለእናትየውም ጻፍኩላቸው። ከዚህ እስከ በሩ አሥራ አንድ ቅያስ ነው። በእግሬ ነው የቆጠርኩት፣ ሁለት ጊዜ።» ወረቀቷን መልሰው ከባርኔጣው ውስጥ ሸጎጡ። «እኔው ራሴ እወስዳቸዋለሁ።»

ከዚያም ቀኝ እጃቸው፣ ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ቀስ እያለ ተነሣ።

«የአንተ ግን እዚሁ ነው፤ ሁለት ቅያስ ብቻ።»

አመስግኜ በጠቆሙኝ በኩል ሄድኩ። ኦቲሊያ እስፒሏን በከንፈሯ እንደ ያዘች፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል፣ «ዶን ኤላዲዮ ልከውህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።