አምስት ሰርተፍኬት፣ አንድ ዋስ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ቤት ግድግዳ ላይ ስንት ሰርተፍኬት ተሰቅሏል? እኛ ቤት አምስት አለ። አምስቱም የእኔ ናቸው። «የሕይወት ክህሎት»፣ «ለሥራ ዝግጁነት»፣ «የወጣቶች አመራር»፣ ሌላ «የሕይወት ክህሎት»፣ አንዱን ደግሞ ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ በጣቷ እየጠቆመች ታስጎበኛለች። እንግዳው አይቶ፣ አይቶ፣ «ታዲያ ሥራ የት ገባች?» ይላል። ይቺ «ታዲያ» የምትባል ቃል እንዴት እንደምታናድደኝ!

ሥልጠና ትጠላለች እንዳትሉ። አዳማ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ የኖረ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ያ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ቤት አይቀመጡበትም። አዳራሹ ቬንትሌተር አለው፣ ምሳ አለው፣ እስክሪብቶም ይሰጣል። የመጨረሻው ጊዜ ያሠለጠነን ሰው ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ስሙን አልናገርም፤ የሰው እንጀራ አልነካም። ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ እግር ማነባበር ነውር እንደሆነ አስተማረን። ሦስተኛው ቀን «እምቢ ማለትን መልመድ» የሚል ትምህርት ነበር። አራተኛው ቀን ዓይናችንን ጨፍነን ወደ ኋላ እንድንወድቅ አደረገን። ውደቂ፣ እይዝሻለሁ፣ ሰው ማመን ተማሪ አለኝ። ወደቅኩ። ያዘኝ። ተጨበጨበ።

ከዚያ ሥራው ተገኘ! ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ውስጥ፣ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል። ፈተናውን አለፍኩ። ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ፤ እግሬንም አላነባበርኩም። የቢሮዋ ልጅ ፈገግ ብላ አንድ ቅጽ ሰጠችኝና እስከ ዓርብ ዋስ አምጪ አለችኝ። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ዕቃ ቢጠፋ በእኔ ፋንታ የሚጠየቅ ሰው። ካላመጣሽ ተጠባባቂዋ ትገባለች አለች፣ ፈገግታዋን ሳትቀንስ።

ጉዴን አያችሁ? አምስት ጊዜ በራስ መተማመን ሠልጥኛለሁ። እነሱ የፈለጉት ግን ሌላ ሰው በእኔ እንዲተማመን ነው። ይሄ በስንተኛው ቀን ነበር? እኔ አሠልጣኙ የሚጽፍበት ፍሊፕ ቻርት ላይ አላየሁትም።

መጀመሪያ ወለንጪቲ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ፣ የእናቴ ወንድም፣ እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ገና «ዋስ» ከማለቴ፣ መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ መጻፍ አቁሟል አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ? አሁን በቅርቡ። ይሄኔ ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ አጽፈህለት የለም እንዴ?» አሏቸው። ጋሽ ታደሰን ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው አንድ ፌስታል ሽንኩርት ቋጥረው ሸኙኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ አይደል?

ረቡዕ ለአሠልጣኙ ደወልኩ። ሥራ አገኘሁ ስለው ጮኸ። አንቺማ መሪ ነሽ፣ ድሮም አውቄዋለሁ፣ እኮራብሻለሁ አለኝ። ዋስ ሁነኝ ስለው ድምፁ ወረደ። የፕሮጀክታችን ፖሊሲ አይፈቅድም፤ በግሌም... ብሎ ቀረ። ወደ ኋላ ስወድቅ የያዙኝ እጆች የት እንደገቡ እንጃ! የሦስተኛውን ቀን ትምህርት ግን በተግባር አሳየኝ። ስልኩን ሳይዘጋ ደግሞ፣ ሥራ ስትጀምሪ ፎቶ ላኪልን፣ ለሪፖርት ይጠቅመናል አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እናቴ ተይው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም አለችኝ። ይነቅዛል! ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ነቅዤ አይቼዋለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ ዓርብ ጠዋት ባዶውን ቅጽ ይዤ ሞጆ ሄድኩ።

ልጅቷ ቅጹን አገላበጠችና ባዶ ነው እኮ አለችኝ። አውቃለሁ፣ ባለቤቱን አገናኚኝ አልኳት። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፤ ከአርሲ መጥተው፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ጀምረው እዚህ የደረሱ ሽማግሌ። «አካም ቡልቴ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ። «ነጋ»፣ ደህና አልኳቸው። እስከዚህ ተስማማን። ዋሱስ ሲሉኝ የለኝም አልኩ። ያለ ዋስማ አይሆንም ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ሐጂ፣ ከእኔ በፊት የነበረው መዝጋቢ ለምን ወጣ?»

ልጅቷ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። ጎማ ሰርቆ ነው አሉ። ዋስ ነበረው ወይ አልኳቸው። ሁለት ነበሩት አሉ። የት ናቸው? አንዱ ስልኩን ዘግቷል። ሌላው ወንድሙ ነበር፤ ጎማውን አብሮት የጫነው እሱ ነው።

«እኔ ብቻዬን ነኝ ሐጂ» አልኳቸው፤ «ጎማ የሚጭንልኝ እንኳ የለኝም። ዋስ ያጣሁት ሌባ ሆኜ አይደለም። ስሙን የሚያስይዝልኝ ሰው አጥቼ ነው። እርስዎስ ረዳት ሆነው ሲጀምሩ ማን ነበር ዋስዎ?»

ሐጂ በመስኮት መኪናዎቹን አዩ። «አላህ» አሉ።

«የእኔም እሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አላጻፍኩም።»

አስተግፊሩላህ አሉ ሐጂ፣ እየሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ጠረጴዛውን ይገፋዋል። ቅጹን ሳቡና «የዋስ ስም» በሚለው ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ። ልጅቷ ደነገጠች። ሐጂ፣ ብትሰርቅ ማን ይከፍላል አለች። እኔ አሉ። ለማን? ለእኔ። አሠሪ ዋስ መሆን አይችልም የሚል ካለ አሳዪኝ አሏት። ቅጹን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለገች። የለም። ማኅተሙን መታችው።

እናንተ ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ ስሙኝማ። ወጣቱን እናብቃ ትላላችሁ። በቅቻለሁ እኮ! አምስት ጊዜ በቅቻለሁ። ለእኔ ስድስተኛ አታዘጋጁ። ለጋሽ ታደሰና ለአሠልጣኙ አዘጋጁላቸው፤ ርዕሱም «መፈረም» ይሁን። አበል ባይኖርም ምሳውን እኔ እችላለሁ።

ሐጂ ያን ዕለት ቅጹን ሲመልሱላት ወደ እኔ ዞረው፣ «አደራ ልጄ፤ አንቺ ከሰረቅሽኝ የምከሰው ራሴን ነው» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ራሳቸውን አልከሰሱም።