ከሐኪሟ የቀደመ ምግብ

[ሚኒሶታ፣ የአርዲስ ማድ ቤት። ውጭ በረዶ ይጥላል። አርዲስ ጎረቤቷ ቨርና ያመጣችውን ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች።]

ቨርና፦ አግድመሽ አስገቢዋ!

አርዲስ፦ አግድሜም እምቢ አለ። ሠላሳኛው እኮ ነው! ምን ሆንኩ ብላችሁ ነው?

ቨርና፦ አንቺ ሴትዮ፣ መቼም ነገር ቶሎ አይገባሽ! ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ አላልሽም?

አርዲስ፦ ብያለሁ።

ቨርና፦ በቃ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ምግብ የሚያመጣ ይመዝገብ ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ። ሰው ሲታመም ወጋችን አይደል? እስከ ፋሲካ እሳት አትለኩሺም።

አርዲስ፦ ሁሉም ቱና በፓስታ ነው።

ቨርና፦ ለበሽተኛ ይስማማል። ተቀመጪ! ያምሻል?

አርዲስ፦ አሁን ተሽሎኛል። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ግን ሁለቱንም ያመኛል…

ቨርና፦ ሁለቱንም? ወይኔ ጉዴ፣ ተዛመተ!

አርዲስ፦ ሐኪሟማ የተለመደ ነው፣ ደህና አድርጎ የሚደግፍ ጡት መያዣ አድርጊ ነው ያለችኝ።

ቨርና፦ የምን ሐኪም? ሐኪም ቤት ሄድሽ እንዴ?

አርዲስ፦ ማክሰኞ። ታዲያ የት ልሂድ?

ቨርና፦ ሳትነግሪኝ?

አርዲስ፦ ልነግርሽ ስል ቱና ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ቨርና፦ [ወንበር ጨብጣ] በይ ንገሪኝ። እችለዋለሁ።

አርዲስ፦ በአልትራሳውንድ አየችው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ስላሳመመኝ በመርፌ መጠጠችው፣ ሟሸሸ። ካንሰር አይደለም። ተመልሶ ካበጠ ወይም ሌላ ለውጥ ካየሁ እመለሳለሁ።

ቨርና፦ ተመስገን! [ትቀመጣለች] ለነገሩ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሲነኩት የሚንሸራተት ከሆነ ምንም አይደለም። ዱሉዝ ከተማ ያለችው ጓደኛዬ እብጠት ካገኘች ዓመት ሊሞላት ነው። ልክ እንደ አተር ክብ ነው፣ ከጣት ሥር ያመልጣል። ሐኪም ደጅ አልረገጠችም።

አርዲስ፦ የትኛው ጡቷ ነው?

ቨርና፦ ግራው። [ሳታውቀው የራሷን ግራ ጡት ትነካለች]

አርዲስ፦ ቨርና፣ ዱሉዝ ጓደኛ የለሽም።

[ቨርና እጇን ቶሎ ታወርዳለች]

ቨርና፦ ይንሸራተታል አልኩሽ እኮ።

አርዲስ፦ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ሐኪሟም ብላለች። ግን በጣት አይለይም፣ መታየት አለበት።

ቨርና፦ ፈራሁ፣ አርዲስ።

አርዲስ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ለዛሬ ያስቀጠርኩልሽ። ካፖርትሽን ልበሺ፣ እኔ እነዳለሁ።

ቨርና፦ መቼ አስቀጠርሽ?

አርዲስ፦ ማክሰኞ። የዱሉዟን ጓደኛሽን ለአራተኛ ጊዜ ባነሳሽ ማግስት።

ቨርና፦ [ዓይኗን እየጠረገች] ደህና ነሽ ካሉኝስ?

አርዲስ፦ ሳህኖቹ ሥር የየባለቤቱ ስም ተለጥፏል። ሠላሳ በር እያንኳኳሽ፣ «አርዲስ ምንም አልሆነችም፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት» እያልሽ ትመልሻለሽ።

ቨርና፦ ጉድ ፈላ! የሆነ ነገር ካገኙብኝስ?

አርዲስ፦ እኔ አለሁልሽ። ሳህኖቹም ወደ አንቺ ቤት ይዛወራሉ።

ቨርና፦ [ካፖርቷን በጥድፊያ እየለበሰች] ጌታ ሆይ፣ ደህና አድርገኝ! ያን ሁሉ ቱና ከምበላ ሠላሳውን በር ላንኳኳ!